ሦስተኛው ራጅ

ለእታለም፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ትዕዛዝ አለኝ። ሾፌሩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የሚሰጥሽን በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር፣ እስከ መጨረሻው ሳታነቢ እንዳትፈቺው። አውቅሻለሁ፤ ልጅ ሆነን የሚሰጥሽን ሁሉ ከሰጪው እጅ ሳይለቅ ነበር የምትፈቺው። ይሄኛውን ግን ተይው። ትንሹ ሰውዬ እንዳያኝከው ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጪውና ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

አሁን ሰላምታ። እንዴት ነሽ? ወገብሽስ? ትንሹ ሰውዬ ጥርስ አወጣ ወይስ እስካሁን እንደ ጡረተኛ በድዱ ነው የሚስቀው? ያ ዝምተኛ ባልሽስ? ካለፈው ዓመት ወዲህ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ከሆነ ጻፊልኝ፣ ለአባባ አነብለታለሁ። ሁላችሁንም ደህና ያድርግልኝ። እኔን ከጠየቅሽኝ ምላሴ ደህና ናት፤ ስለቀረው ወደ ታች እንገናኛለን። በእጅ ጽሑፌ እንዳትስቂ። ከስምንተኛ ክፍል ያስወጣኝ እሱ ነው ብዬሽ ነበር፤ አስተማሪው ግን ወንበራቸው ላይ የቀባሁት የአባባ ሙጫ ነው ብለው ሙጭጭ አሉ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። አባባ አይሞትም። ደግሜ ልጻፍልሽ፤ አባባ አይሞትም። ባለፈው ሐሙስ ኦፕራሲዮን ተደረገ፣ ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው፣ አሁን እኔ ይሄን ስጽፍ እሱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጠረጴዛዋ እንደምትወዛወዝና አንደኛው እግሯ መታረም እንዳለበት ይነግረኛል። በስልክ ሳንባዬ ላይ ነገር ተገኘ፣ ወንድምሽን አደራ ብሎ ያስለቀሰሽ ልክ አልነበረም። ሳንባው ንጹሕ ነው። ለምን ደውለህ አልነገርከኝም ትያለሽ። ሁለት ጊዜ ደውዬ ሁለቱንም ጊዜ በለቅሶ አሰናበትሽኝ። ደግሞም አንቺ በስልክ የምነግርሽን ትተሽ ሌላ ሌላውን ነው የምታዳምጪው። ስለዚህ በወረቀት ይሻላል። ወረቀት ድምፅ የለውም።

ነገሩ ከመነሻው እንዲህ ነው። አባባ ያን ከባድ የበር መቃን ብቻውን ሲያነሳ ብሽሽቱ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት እንደወጣበት ታውቂያለሽ። ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ያየው ገና ጢሙ በወጉ ያልበቀለ ዶክተር ነው፤ እኔ ለጋው ዶክተር ነው የምለው፣ ሲሰማም አይቆጣም። ደረቱን አዳመጠ፣ ጀርባውን አዳመጠ፣ ያስልዎታል ወይ፣ ትንፋሽ ያጥርዎታል ወይ፣ ልብዎን ታመው ያውቃሉ ወይ ብሎ ጠየቀው። አባባ ለሁሉም አይ አለ። የሆድ ዕቃዎ በሳሳ ቦታ እየገፋ ነው የሚወጣው፣ ትንሽ ኦፕራሲዮን ነው፣ ግን እንዳንቆይ፣ አንድ ቀን ወጥቶ አልመለስ ካለ አንጀቱ ይታነቃል አለን። እኛም እሺ አልን። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ አንቺም እንባሽን ለሌላ ጉዳይ ትቆጥቢ ነበር።

ቀጠሮ የሚሰጡት ሴትዮ ግን አንድ ቅጽ አወጡ። እሜቴ ማህተም ነው የምላቸው። ማህተማቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚውሉት፤ ሳይተኙበትም አይቀሩም። ቅጹ ላይ ኦፕራሲዮን የሚደረግ ሰው ሊያሟላ የሚገባው ሰባት ነገር ተደርድሯል። አምስተኛው የደረት ራጅ ነው። አባባ እኔን የሚያመኝ ብሽሽቴ ነው፣ ደረቴን ምን አደረጋችሁት አለ። እሜቴ ማህተም ቅጹ ላይ አለ አባቴ አሉ። ለጋውን ዶክተር ሄጄ ስጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ። ለሚያስል ወይም ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው ራጁ ይረዳኛል፣ ለአባትህ ግን እኔ አላዘዝኩም፣ ቅጹ እኔ ሳልወለድ የታተመ ነው አለኝ። እና ሰርዘዋ አልኩት። ብሰርዘው ሰመመን የሚሰጠው ሰውዬ ያለ ራጅ አላስተኛም ይላል አለ። ሰመመን ሰጪውን ደግሞ ኮሪደር ላይ አግኝቼ ብጠይቀው፣ እኔማ አልፈልገውም ነበር፣ ያለ እሱ ማህተም አይመታም እኮ አለኝ። ሦስት ሰው፣ ሦስቱም የማይፈልጉት ነገር፣ አንዱ በሌላው እያሳበበ አባቴን ያንከራትታል።

የራጁ ክፍል ያለው የድሮው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ በሩ ላይ በጥገና ላይ የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ወረቀቱ ራሱ ጥገና ያስፈልገዋል። አባባ ብሽሽቱን በመዳፉ ደግፎ ስድሳ ስድስት ደረጃ ወጣ። ቆጥሬዋለሁ፤ ሌላ ምን ሥራ ነበረኝ። ስንደርስ ማሽኑ ተበላሽቷል፣ በሳምንቱ ኑ አሉን። በሳምንቱ ሄድን፣ ወጣ፣ ተነሳ። አንደኛው ራጅ ይሄ ነው። ውጤቱ ምንም የለበትም ይላል። ለጋው ዶክተር ብርሃን ላይ ሰቅሎት፣ ከአንገቱ ሥር በግራ በኩል ያለችውን አጥንት አየና፣ ይሄ ስብራት የመቼ ነው አለ። የጣሪያ ሥራ ላይ ወድቆ የተሰበረባት ናት፤ አንቺ አሥራ አንድ ዓመትሽ ነበር። ጠማማ ሆና ነው የገጠመችው፣ እንደ ጉጥ ጉብ ብላለች። አባባ አናጺ ቢገጥማት ቀጥ ትል ነበር አለው።

ከዚያ የኦፕራሲዮኑ ቀን ሲደርስ ውሃ ጠፋ ተባለና ተላለፈ። በሌላው ቀጠሮ ስንመጣ እሜቴ ማህተም ወረቀቱን አገላበጡና፣ ራጁ ከተነሳ ወር አልፎታል፣ ጊዜው አብቅቷል አሉ። አባባ መነጽሩን አወለቀ። ጊዜው ያበቃው ወረቀቱ ነው ወይስ ደረቴ ብሎ ጠየቃቸው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። ደረጃውን ወጣ፣ ሁለተኛውን ተነሳ። ሁለተኛው ራጅ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ሲሻገር የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ምናልባት አንዱ የእግር ስብራቱን ሊያይ ከፍቶት የአባባን ሳንባ አግኝቶ ደንግጦ ይሆናል። ሦስተኛ ተነሱ ተባለ።

እዚህ ላይ ነው እኔ የገባሁት። ትቆጪኛለሽ፤ ተቆጪ፣ ግን ጨርሺው።

ያን ቀን አባባ ደረጃው ሥር ሲደርስ ቆመ። እጁ ብሽሽቱ ላይ፣ ግንባሩ ላይ ላብ። አንድ እግሩን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። አባባ ደከመኝ ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? አላለም፤ የደረጃውን መደገፊያ ዳሰሰና ይሄን የሠራው ሰው መላጊያ አልነበረውም አለ። ትንሽ ልረፍ ማለቱ ነው። አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። አንተ እዚህ ተቀመጥ፣ ተራ ልያዝልህ ብዬ ካርዱን ይዤ ወጣሁ። እውነቴን ነው፣ ስወጣ ተራ ልይዝለት ብቻ ነበር የወጣሁት።

ራጅ የሚያነሳውን ሰውዬ ትንፋሽ ያዝ ነው የምለው፤ ከዚህ ሌላ ቃል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። የሰው ፊት አያይም። ካርድ ያያል፣ ደረት ያያል፣ በቃ። ካርዱን ከእጄ ወሰደና ሳያየኝ፣ አባት፣ ሸሚዝዎን አውልቀው እዚያ ይቁሙ አለኝ። ካርዱ ላይ ስድሳ አራት ዓመት ይላል እኮ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ፀጉሬ ሞልቶ፣ ፊት ለፊቱ ቆሜ አባት። እታለም፣ እንዲህ ያለ ነገር እግሬ ሥር መጥቶ ወድቆልኝ እኔ እንዴት ብዬ ልለፈው? ሁሉም ለወግ ነው ያሉት ነገር ነው። ቅጹ የሚፈልገው ደረት ነው፣ ደረት አለኝ። ድምፄን አወፍሬ እሺ ልጄ አልኩትና ሸሚዜን አወለቅኩ።

አገጬን ቀዝቃዛው ነገር ላይ አስደገፈኝ። ትንፋሽ ይያዙ አለ። ያዝኩ፣ ግን ሳልኩ። ተበላሸ፣ እንደገና፣ ትንፋሽ ይያዙ አባት። እንደገና ሳልኩ። በሦስተኛው፣ እነዚህ ሽማግሌዎች ሲባል ሰማሁ፣ ሳቄን ስይዝ ትንፋሼም አብሮ ተያዘልኝና ተነሳ። ሳሉ ከሰጋቱራው ነው፣ ምን ላድርግ። ቀኑን ሙሉ እንጨት ስትሰነጥቂ አንቺም ታስያለሽ። ለአንቺም በስልክ የነገርኩሽ ይሄንኑ አይደል።

ወረድኩና ለአባባ አለቀ አልኩት። እኔ ሳልነሳ እንዴት ያልቃል አለ። የድሮውን አገኙት አልኩት። አየኝ። አባባ አንድ እንጨት ቀጥ ማለቱን ሲጠራጠር አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያየውን አስተያየት ታውቂዋለሽ። ግን ደክሞት ነበርና ተነስቶ ተከተለኝ። እኔ ደግሞ የሳምንቱን ምርጥ ቀልድ የቀለድኩ መስሎኝ እያፏጨሁ ወደ ቤት ወሰድኩት።

በሦስተኛው ቀን ጠሩን። በቀኝ በኩል ከላይ ጠባሳ የሚመስል ነገር ታይቷል፣ ኦፕራሲዮኑ ቆሟል፣ መጀመሪያ የሳንባ ክፍል ይታዩ። ለአባባ ነው የሚነግሩት፣ እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። አክታ ይስጡ ተባለ። አባባ አክታ ከየት ያምጣ? የተሰጠውን ዕቃ ይዞ ግማሽ ቀን ተቀመጠና በመጨረሻ ለይሉኝታ ያህል ምራቁን ተፋላቸው። ምንም አልተገኘበትም፣ ቢሆንም ሌላ ቀጠሮ ተሰጠው።

ወዲያውኑ ለምን አልተናገርክም ትያለሽ። ለራሴ የነገርኩትን ልንገርሽ። ከሐኪም ቤቱ ያባርሩናል፣ የአባባ ተራ ይሰረዛል፣ ፖሊስ ይጠሩብኛል አልኩ። አራት ቀን እንዲህ አልኩ። እኔ በዕድሜዬ አንድ ነገር ለአራት ቀን በሆዴ ይዤ እንደማላውቅ አንቺ ምስክር ነሽ፤ የሠርግሽን ቀን እንኳ ከሙሽራው በፊት ለሰፈሩ የነገርኩት እኔ ነኝ። ይሄን ግን ያዝኩት። አፌን ከከፈትኩ፣ ታዲያ ራጁ የማን ነው ብለው መጠየቃቸው አይቀርማ።

በእነዚህ አራት ቀናት አባባ ምን ሠራ መሰለሽ። መጋዞቹን ሳላቸው። መሮዎቹን በጨርቅ ጠቀለላቸው። ያላለቀውን ቁም ሣጥን አቆመና መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ አሳየኝ፣ ይሄን እንዲህ፣ ያን እንዲያ፣ እኔ ባልኖርም እንዳታሳፍረኝ አለ። ለአንቺ ደወለ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ትልቁን መላጊያ፣ ያስተማረው ሰው የሰጠውን፣ እኔ ልጅ ሆኜ ነክቼው በጥፊ ያጮለኝን መላጊያ፣ ለጎረቤታችን ለባለ መስታወቱ ሰጠው። አንተ በአግባቡ ትይዘዋለህ፣ ይሄ ልጅ ቀልደኛ ነው አለው። ባለ መስታወቱ ዓይኔን ማየት አቅቶት መላጊያውን እንደ ሕፃን ታቅፎ ሄደ።

በነጋታው እብጠቱ ወጣና አልመለስ አለ። አባባ ያለቅሳል ብለሽ ታስቢያለሽ? የሥራ ጠረጴዛውን ጠርዝ ነክሶ ያዘ፤ የጥርሱ ምልክት አሁንም አለ። ተሸክሜ ነው ታክሲ ውስጥ ያስገባሁት። ለጋው ዶክተር አስተኝቶ ቀስ እያለ በእጁ መለሰለትና ላቡን ጠረገ። ዛሬ ተመለሰ፣ ቀጥሎ ላይመለስ ይችላል፣ ነገ ሐሙስ ኦፕራሲዮን መደረግ አለበት አለ። ሰመመን ሰጪው ግን በዚህ ደረት አላስተኛም፣ ቀጥሎ ያለው ባዶ ቀን ከሁለት ወር በኋላ ነው አለ። እሱም አልተሳሳተም፤ ያየው ራጅ ላይ እኮ ነገር አለ።

ለጋው ዶክተር አንደኛውንና ሦስተኛውን ራጅ ጎን ለጎን ብርሃኑ ላይ ሰቀላቸው። ግራ ገብቶታል። አያስልም፣ ክብደት አልቀነሰም፣ አክታው ንጹሕ ነው፣ እንዴት ነው በዚህ አጭር ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር የሚወጣው እያለ ለራሱ ያወራል። እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። ቀበቶዬን ሳብ አደረግኩ፤ በወስፌ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በስቼባታለሁ፣ አሁንም ትሰፋኛለች። አባባ በሩ ማዶ አልጋ ላይ ያቃስታል፣ እንዳይሰማበት ቀስ አድርጎ።

ዶክተር፣ ከአንገት ሥር ያለችውን አጥንት እይልኝ አልኩት። አየ። አንደኛው ላይ ጠማማ ናት። ሦስተኛው ላይ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያለች ናት። አናጺ ገጠማት እንዴ አለኝ። ለመሳቅ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ዞሮ አየኝ። እታለም፣ በዚያ ሐኪም ቤት ውስጥ ሁለት ወር ሙሉ ስመላለስ አንድ ሰው ሲያየኝ ያ የመጀመሪያው ነው። ተቆጣኝ ብልሽ ውሸት ነው። ወንበር ሳበልኝ። አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ ለአባባ በመጀመሪያው ቀን የጠየቀውን የመጀመሪያውን ጥያቄ። መልሱን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ በስልክ ስትሰሚው ከርመሻል።

ከዚያ ምን እንዳለ ልንገርሽ። የማያስለውን ሰውዬ ሦስት ጊዜ ስድሳ ስድስት ደረጃ አስወጣነው፣ የሚያስለው አብሮት እየወጣ እየወረደ አንድ ሰው አልጠየቀውም አለ። እየጮኸ አልነበረም። የአባባን ቅጽ አወጣ፣ አምስተኛዋን መስመር በእስክሪቢቶ ሠረዛት፣ አጠገቧ አያስፈልግም ብሎ ጽፎ ፈረመ። ሰመመን ሰጪው የአባባን ደረት ራሱ አዳምጦ ከሥሩ ፈረመ። እሜቴ ማህተም ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ሸሚዜ አንገቴ ላይ እንዴት እንደተንጠለጠለ አዩ መሰለኝ፣ ማህተሙን መቱት።

ለአባባ የነገርኩት ከመግባቱ በፊት ነው። በጥፊ እንደሚመታኝ ጠብቄ ጉንጬን አዘጋጅቼ ነበር። አልመታኝም። ጠጋ በል አለኝ። ኮሌታዬን ገለጥ አድርጎ ከአንገቴ ሥር ያለችውን አጥንት በአውራ ጣቱ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሳት፣ እንጨት ላይ ጉጥ ሲፈልግ እንደሚያደርገው። ይሄ ሸሚዝ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሰፋህ አለኝ። ጨርቁ ለቆ ነው አልኩት። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየኝ፣ ከዚያ ወሰዱት።

ሲነቃ መጀመሪያ የተናገረው መላጊያዬን አምጡልኝ ነው። ባለ መስታወቱ ሮጦ አመጣለት፤ ደስታውን ብታዪ የሱ አባት የዳነ ነው የሚመስለው።

እና አሁን ሁሉም ደህና ነው። እኔ ሥራ ቤቱ ውስጥ ነው የማድረው፣ መስኮቱን ከፍቼ፤ የእንጨቱ ሽታ ደስ ስለሚለኝ ነው። የራሴ ኩባያ አለኝ፣ ማንም እንዳይነካት ስሜን ጽፌባታለሁ። በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ የማላስተጓጉለው ቀጠሮ አለኝ፤ አንዲት ነርስ ፊት ቆሜ ክኒኔን እውጣለሁ፣ አፌን ከፍቼ አሳያታለሁ፣ ምልክት ታደርጋለች። እስከ ስድስት ወር። በትምህርት ቤት ስድስት ቀን በተከታታይ በሰዓቱ ደርሼ የማላውቀው ሰውዬ። አባባ አትራመድ የተባለውን ትቶ ምርኩዙን ይዞ ይከተለኛል፤ በሩ ላይ ቆሞ ነርሷን በደንብ አይተሻል፣ ይሄ ምላሱ ሥር ይደብቃል ይላታል። እኔም አንድ ቀን ባዶ አፌን ከፍቼ ምላሴ ሥር ምስማር ላሳያት አስቤ ነበር፤ አባባን ሳየው ተውኩት።

አንቺ እሱን ለማየት ነይ፣ በጣም ይፈልግሻል። ትንሹን ሰውዬ ግን ለአሁኑ ከዝምተኛው ጋር ተይው። እኔ በሉ እስክላችሁ ድረስ ብቻ። ከመጣሽም እኔ ደጅ ነው የምቀበልሽ፣ አቅፈሽ እንዳትስሚኝ፤ አለቅሳለሁ ብዬ ነው። አታልቅሺ እልሻለሁ፣ አትሰሚኝም። ለጋው ዶክተር ይድናል ብሎኛል፣ ማህተም ግን አልመታበትም።

በይ ደህና ሁኚልኝ። ጤናሽ ይብዛ፣ ልጅሽ ይደግልሽ፣ ባልሽ አፉ ይፈታ። የተጣላሽውን ወገብ ታረቂው። ለአባባ ዕድሜ፣ ለአንቺ ዕረፍት ይስጥልኝ።

አሁን ጥቅሉን ፍቺው። ወንድም አለኝ ብዬ የማሳየው አንድ ፎቶ እንኳ የለኝም እያልሽ ስንት ዓመት ጨቀጨቅሽኝ። ይኸው። ዶክተሩ ሌላ ስላነሳኝ ይሄኛውን ለምኜ ወሰድኩልሽ። መስኮት ላይ ለጥፊውና በቀን ብርሃን እይው። ፊቴ አልወጣም፣ ግን እየሳቅኩ ነበር። ጥጉ ላይ በተጻፈው የአባባ ስም እንዳትሸወጂ።

ታናሽ ወንድምሽ